ውስጠኛው ረድፍ

ውድ ሳህሌ፣ የኔ ሳህልዬ፤

ከተለያየን ነገ አሥር ወር ይሞላል። ሰው ሲጠይቀኝ ግን ዓመት ሊሆነው ነው እላለሁ። አሥር ወር ካልኩ «ገና ነሽ፣ ጊዜ ይጠግነዋል» ይሉኛል፤ እኔ ደግሞ እንዲጠገንልኝ የምፈልገው ነገር የለም። ደብዳቤ ሲጻፍ መጀመሪያ ጤና ይጠየቃል፣ ቀጥሎ የራስ ደህንነት ይነገራል ብዬ አራተኛ ክፍሎችን የማስተምረው እኔው ነኝ። ይህን የዘለለ ልጅ ሁለት ማርክ አጎድልበታለሁ። ዛሬ ራሴው ዘለልኩት። አንተን «እንደምን አለህ» ብዬ መጠየቅ አልቻልኩም፤ እኔም ደህና ነኝ ብዬ መዋሸት አልፈለግሁም። ናፍቀኸኛል። ከዚህ ልጀምር።

ቤቱ እንዳለ ነው። የኩሽናው ጣሪያ ማፍሰሱን ትቷል፤ ወንድምህ ጋሽ ደነቀ ወጥተው ደፈኑልኝ። አንተ ሦስት ክረምት ሙሉ «እሑድ እሠራዋለሁ» እያልክ ያለፍከውን እሳቸው ከቁርስ በፊት ጨረሱት፤ እንድታውቀው ብዬ ነው። ጫማህን በአርባህ ለቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ ሰጠሁት። ሰፍቶት ይጎትተዋል። በትምህርት ቤታችን አጥር ሥር ሲያልፍ ድምፁ የአንተ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ጠመኔዬን ይዤ ከክፍል ወጥቻለሁ። ልጆቹ ምን ሆነች ብለው ይሆናል፤ ደግነታቸው አልጠየቁኝም። ቀይዋ ዶሮ ከመኪናችን፣ ከፔዦዋ ሥር እንቁላል ጥላ ታቀፈች፣ ዘጠኝ ፈለፈለች። አንተ ብትኖር እሷን ላለመረበሽ ብለህ በእግርህ ገበያ ትሄድ እንደነበር አውቃለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የምጽፍልህ ስለ ፔዦዋ ነው።

አርባህ በወጣ ማግስት ሽማግሌዎች እዚሁ ግቢያችን ተቀመጡ። የእኔዎቹ ከቡኢ መጡ፣ ያንተዎቹ ከቸሃ። ሁሉም ጉራጌ ነኝ ባይ ነው፣ ግን አንዱ የሌላውን ቋንቋ በቅጡ አይሰማም፤ ስለዚህ እኔና አንተ ቤታችን ውስጥ እንደምናደርገው በአማርኛ ተነጋገሩ። ቤቱ የእሷ ነው አሉ፤ በዚህ ላይ ማንም ቃል አላነሳም። መኪናዋ ላይ ሲደርሱ ግን ያንተ አጎት ጉሮሯቸውን ጠረጉና መኪና ያለ ሹፌር ቆማ ትዝጋለች፣ ደነቀ ደግሞ ዕድሜ ልኩን ሹፌር ነው፣ ይውሰዳት አሉ። ክፋት የለበትም፣ አሰቡበት እንጂ። እኔ ግን ከተቀመጥኩበት ተነሥቼ «እኔው እነዳታለሁ» አልኩ። ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ከአፌ ወጣ። አንድ ሰው ሳል ሳለ። አባቴ መሬት መሬት አዩ። አጎትህ «ሴት ልጅ? ፔዦ?» ብለው ሁለቱን ቃላት ለየብቻ ጠየቁ፣ አንዱን ሲሰሙ ሌላው የጠፋባቸው ይመስል።

ያን ጊዜ እስከዚያ ድረስ ቃል ያልተነፈሱት እናትህ ከጥግ ሆነው «እስከ መስቀል ትሞክር» አሉ። ለመስቀል ሁሉም ሰው ከያለበት አገሩ ይገባል፣ ሁሉም ጉዳይ በመስቀል ይለቅ ይባላል፤ ሽማግሌዎቹም በዚህ ተስማሙ። እስከ መስቀል መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ መኪናዋ ትቀርልኛለች፣ ካላወጣሁ ለጋሽ ደነቀ ትሄዳለች። መርቀው ተነሡ።

ለምን እንደፈለግኋት ላንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ? ለሽማግሌዎቹ የነገርኳቸው እውነት ነው፤ እናትህን በየወሩ ለዓይናቸው ወደ ወልቂጤ ሐኪም ቤት የምታመጣቸው አንተ ነበርክ፣ ካንተ ወዲህ በበቅሎ ይመጣሉ፣ በቅሎዋ ደግሞ ፀሐይ ላይ ትገትራቸዋለች። ግን እሱ ብቻ አይደለም። መሪዋ ላይ ላብህ አለ። በሩን ስትዘጋ ሁለት ጊዜ የምትገፋበት ቦታ ቀለሙ ለቋል። ከዚህ ግቢ አንድ ጊዜ በሰው ትከሻ ወጥተሃል፤ ፔዦዋ ከወጣች ሁለተኛ የምትወጣ ይመስለኝ ነበር። ያን መሸከም አልችልም ነበር።

መንዳት በግራ መሆኑ ቀርቶ በቀኝ ይሁን የተባለበትን ጊዜ ታስታውሳለህ። ከተጋባን ሁለት ወራችን ነበር። እዚህ ወልቂጤ ምንም ችግር አልነበረም፤ መንገዱ አንድ ነው፣ ከመኪና አህያ ይበዛል፣ አህዮቹ ደግሞ አዋጁን አልሰሙም፣ እንደ ድሮው መሃል መሃሉን ይሄዱ ነበር። አዲስ አበባ ግን ሌላ ነገር ሆነብህ። እጅህ የለመደውን አድርጎ መርካቶ አጠገብ ያለውን ትልቁን አደባባይ በግራ በኩል ገባህ፤ የከተማው መኪና ሁሉ ፊት ለፊት መጣብህ። ያን ዕለት የሰማኸውን ስድብ ለእኔ በሙሉ አልነገርከኝም፤ ግማሹን በቸሃ ቋንቋ ስታጉረመርም ነው የሰማሁት። ትራፊክ ፖሊሱ ጥግ አስቁሞ ሲቆጣህ ዋለ።

ወሬው ካንተ ቀድሞ ደረሰ። አንድ የአገርህ ሰው በአውቶቡስ እያለፈ አይቶህ ኖሮ፣ እናትህ ዘንድ ሄዶ «ሳህሌ አደባባይ ላይ ተያዘ» ብሎ ተናገረ። ለእሳቸው አደባባይ ማለት ሹም የሚቀመጥበት፣ የተከሰሰ የሚቆምበት፣ ሰው የሚዋረድበት ቦታ ነው። ልጃቸው ምን ቢሠራ ነው በአደባባይ የተያዘው ብለው ሦስት ሽማግሌ አስከትለው በበቅሎ ወልቂጤ መጡ። ይቅርታ ሊያስጠይቁ። አንተ ለካ እዚህ ተቀምጠህ ጎመን በቆጮ ትበላለህ! እጅህን ሳትታጠብ ተነሥተህ፣ አደባባይ ማለት መኪና የሚዞርበት ክብ መንገድ ነው ብለህ በሣህኑ ጠርዝ ላይ በጣትህ እየዞርክ አስረዳሃቸው። ሽማግሌዎቹ በክብር ራሳቸውን ነቀነቁ። እናትህ ግን ጣትህን ሲያዩ ቆይተው «ዙረው ዙረው ታዲያ የት ይደርሳሉ?» አሉ። ያን ቀን ሳቄን ለመደበቅ ኩሽና ገብቼ በሩን ዘጋሁ። አንተም ኋላ ተከትለኸኝ መጥተህ ትከሻህ እስኪንቀጠቀጥ ሳቅህ።

በሚቀጥለው እሑድ ነው የገበያውን ሜዳ ያገኘኸው። ገበያ የሌለ ዕለት ሜዳው ባዶ ነው። አራት ትልልቅ ድንጋይ በአራት ማዕዘን አስቀመጥክና ስም ሰጠሃቸው። አንዱ አዲስ አበባ፣ ፊት ለፊቱ ጅማ፣ በስተግራ ቸሃ። የቀኙን ምን እንደምትለው ስታጣ የአክስቴን ስም አወጣህለት፤ ጋብቻችንን የተቃወመችውን። መሃል ላይ ደግሞ ሐውልት ያስፈልጋል አልክ። ጥቁሩን ጃንጥላዬን ዘርግቼ እኔ ቆምኩ። የሃያ ሦስት ዓመት ሙሽራ፣ አስተማሪ፣ ከመንገደኛው ሁሉ ፊት ሜዳ መሃል እንደ ሐውልት። ሰዎች ቆመው ያዩ ነበር። አንዲት ሴት «ምን አድርጋው ነው እንዲህ የሚያስቆማት?» ስትል ሰምቻለሁ።

አንተ ግን ምንም አላፈርክም። በፔዦዋ ዙሪያዬን እየዞርክ በመስኮት ትጮህ ነበር። ከአዲስ አበባ ድንጋይ ገብቼ ወደ አክስትሽ የምወጣ ከሆነ ከመግባቴ በፊት ውጨኛውን ረድፍ እይዛለሁ፣ ጠርዝ ጠርዙን ሄጄ ወዲያው እወጣለሁ። ወደ ጅማ የማልፍም ከሆነ መሃል ገብቼ መጨናነቅ የለብኝም። ወደ ቸሃ ከሆነ፣ ወይም ወደ መጣሁበት የምመለስ ከሆነ ግን ውስጠኛውን ረድፍ ይዤ፣ አንቺን ተጠግቼ እዞራለሁ። መውጫዬ ሲቀርብ ቀኝ ፍሬቻ አሳይቼ፣ ጎኔን አይቼ፣ ቀስ ብዬ ወደ ጠርዝ እወጣለሁ። ከገቡ በኋላ ሐሳብ መለወጥ የለም፣ የሚሄዱበትን ከበር አውቆ መግባት ነው። ይህን ሁሉ ስንት ጊዜ እንደጮህከው! ለራስህ ነበር የምትጮኸው፣ የተማርኩት ግን እኔ ነኝ። ወደ ቸሃ ስትል ወደ እኔ ትጠጋ ነበር፤ ያ ደግሞ ደስ ይለኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው ብዙ ጊዜ ሳያስፈልግህ ወደ ቸሃ ሄደሃል።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት እሑድ ከሰዓት እዚያው ሜዳ ላይ መሪውን ለእኔ ትሰጠኝ ነበር። አንተ ሐውልት፣ እኔ ሹፌር። ለጨዋታ ነበር የተማርኩት፣ አንተን ደስ ለማሰኘት። ፍሪሲዮኑን ቶሎ ስለቅና መኪናዋ ስትዘል ጃንጥላውን ወርውረህ ደረትህን ትይዝ ነበር፣ እንደሞተ ሰው። እንዲህ ያለው ጨዋታ ያን ጊዜ አያስፈራኝም ነበር። አሁን እሑድ ከሰዓት ሲሆን ወዴት እንደምሄድ አላውቅም፤ ደብተር አርማለሁ፣ ያረምኩትን መልሼ አርማለሁ። የናፍቆት ክፉው እሑድ ነው፣ ሳህልዬ። በሌላው ቀን ሥራ አለ።

ጋሽ ደነቀ ሊያለማምዱኝ የተስማሙት እናትህ ስላዘዟቸው ነው እንጂ ወድደው አልነበረም። አልፈርድባቸውም፤ ካልቻልኩ መኪናዋ የእሳቸው ናት፣ ከቻልኩ ባዶ እጃቸውን ናቸው። ትምህርት ቤቱ ለክረምት ከተዘጋ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት መጡ። ከጎኔ ተቀምጠው የበሩን እጀታ እንደያዙ ነበር የምንጓዘው። ቃል አያወጡም። ስሳሳት ብቻ በአፍንጫቸው ይተነፍሳሉ፤ በትንፋሻቸው ርዝመት የጥፋቴን ክብደት ማወቅ ተምሬ ነበር። ተማሪዎቼ ከመንገዱ ዳር ተሰልፈው «እትዬ ነዳች! እትዬ ነዳች!» እያሉ ይሮጡ ነበር። ፊት ለፊት ሄድኩ፣ ወደ ኋላ ሄድኩ፣ ዳገት ላይ ቆሜ ተነሣሁ። ጭቃ ላይ ተንሸራትቼ የጎረቤታችንን የሐጂን አጥር ልነካ ስል ቆምኩ፣ ሐጂም ወጥተው «አልሐምዱሊላህ» ብለው ተመለሱ።

የመጀመሪያው ፈተና በሐምሌ ሆነ። ጋሽ ደነቀ እየነዱ አዲስ አበባ አደረሱኝ፣ እኔ ለፈታኙ ተሰጠሁ። ፈታኙ አጭር፣ ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ ሰው ነው። መንገዱን ሁሉ ደህና ሄድኩለት። ከዚያ ወደዚያው ወደ መርካቶው አደባባይ መራኝና፣ ዞረሽ ወደ መጣንበት ተመለሽ አለኝ። ይህንን አውቀዋለሁ አልኩ፤ ይህ የእኛ ነው። ከመግባቴ በፊት ውስጠኛውን ረድፍ ያዝኩ። የሐውልቱን አጥር ተጠግቼ ዞርኩ። ግማሹን እንዳለፍኩ በቀኜ በኩል አንዲት ያረጀች ትንሽ መኪና ገባች። የሚነዷት ሽማግሌ ነበሩ፤ ጢማቸው ነጭ፣ ጋቢያቸውን እስከ አንገታቸው የተከናነቡ፣ ያንተን አባት የሚመስሉ።

ምን እንዳደረግሁ ስነግርህ እንዳትስቅ። ቆምኩ። ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ። ከዚያ መሃሉን ለእሳቸው ለቅቄ ጠርዙን ያዝኩ።

በሙሽርነቴ ጊዜ እናትህ መጀመሪያ ያስተማሩኝ ይህን ነበር። ጀፎረው ላይ፣ በቤታችሁ ፊት በሚያልፈው በዚያ ሰፊ ሣር መንገድ፣ ታላቅ ሲመጣ መሃሉን ለቅቀሽ ጠርዙን ትይዣለሽ፣ እስኪያልፉ ቆመሽ ትጠብቂያለሽ ብለው። ስድስት ዓመት ያደረግሁትን እጄ ሳያማክረኝ አደረገው። ከኋላዬ የክላክስ መዓት ተነሣ። ሽማግሌው ደንግጠው እሳቸውም ቆሙ፤ እኔን አሳልፈው ሊሄዱ ፈልገው «እለፊ ልጄ» እያሉ በእጃቸው ይጠቁማሉ፣ እኔ «ኧረ እርስዎ» እላለሁ። ጠርዙ ላይ እንደሆንኩ ከኋላ ገፋፉኝ፣ መመለስ አልቻልኩም፣ በማላውቀው መንገድ ወጥቼ ከሽንኩርት ነጋዴዎች መሃል ተገኘሁ። ፈታኙ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ለምን ረድፍሽን ለቀቅሽ አለኝ። ታላቅ ናቸው ብዬ ነው አልኩት። ያመነኝ መሰለኝ። ከዚያ ወድቀሻል ብሎ ጻፈ።

ጋሽ ደነቀን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። መኪናዋ የእሳቸው ልትሆን አንድ እርምጃ ቀርቷታል። እኔ ወደ መስኮቱ ዞሬ አለቅስ ነበር። ወሊሶ ልንደርስ ስንል ምን ሆነሽ ወደቅሽ ብለው ጠየቁኝ። ስነግራቸው መኪናዋን ዳር አስያዙና አቆሙ። መሪው ላይ ተደፍተው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ። ይስቁ ነበር። እንዳንተው ነው የሚስቁት፤ ያን እስከዚያ ቀን አላወቅሁም ነበር።

ከዚያ ነገሩኝ። ያ ወንድሜም በዚሁ ነው የወደቀው አሉ። አንተ! በግራ በሚነዳበት ጊዜ፣ በዚያው አደባባይ፣ አንድ ቄስ በታክሲ ሲመጡ አይተህ መሃሉን ለቅቀህ፣ ጭራሽ ወርደህ መስቀል ተሳልመህ። ለእኔ በአንዴ ነው ያለፍኩት ብለኸኝ ነበር። ለአባቴ ሽምግልና ስትልክም «በአንድ ፈተና ያለፈ ሹፌር» አስብለሃል። ስድስት ዓመት ዋሽተኸኛል፣ ሳህሌ! በሳቅና በእንባ መሃል ምን እንደተሰማኝ ልንገርህ። ከሞትክ ወዲህ ስላንተ አዲስ ነገር የሰማሁት ያን ዕለት ብቻ ነው። ያለህ ሁሉ አልቋል፣ ከእንግዲህ የሚጨመር የለም ብዬ ነበር። ድንገት አንድ ተጨመረልኝ። ወልቂጤ እስክንገባ ደጋግሜ አስነገርኳቸው።

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ደነቀ ሳይጠሩ መጡ። ድንጋዮቹን እሳቸው አስቀመጡ። ከዚያ ወደ ቤት ተመልሰው ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ በቅሎ ላይ ተቀምጠው መጡ። እኔ ፔዦዋን ይዤ ስዞር በየድንጋዩ በኩል በበቅሎ እየገቡ «ታላቅ ነኝ! አትቁሚ! እለፊኝ!» ይሉ ነበር። የመጀመሪያ ቀን አምስት ጊዜ ቆምኩላቸው። በሁለተኛው ቀን ሦስት ጊዜ። ያን ያህል ሰው ተሰብስቦ አይቶን አያውቅም። በሳምንቱ አንድም ጊዜ ሳልቆም ዓይኔን ፊት ለፊት አድርጌ አለፍኳቸው፤ በቅሎዋ ደንግጣ ዞረች፣ እሳቸው ግን «እሰይ!» ብለው ጮኹ። ሰውዬው ከእጃቸው የምትወጣውን መኪና እንዴት መያዝ እንዳለብኝ ነበር የሚያስተምሩኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። አንድ ቀን ብቻ፣ ድንጋዮቹን ስንሰበስብ፣ ጥሩ አድርጎ አስተምሮሽ ኖሯል አሉኝና ፊታቸውን አዞሩ።

ሁለተኛው ፈተና በጳጉሜ ነበር። አሁን እዚህ ላይ ከመጀመሪያው ጀምሮ ያልነገርኩህን ልንገርህ፤ ደብዳቤውንም የጻፍኩት ለዚህ ነው።

አንተ ከሄድክበት ከኅዳር ጀምሮ የፔዦዋን ወንበር አልነካሁትም ነበር። አንተ እግርህ ረጅም ስለሆነ ወደ ኋላ እስከ መጨረሻው ገፍተኸዋል። እኔ ፍሬን ላይ አልደርስም። ስለዚህ የአልጋችንን ትራስ ከጀርባዬ አድርጌ፣ ጫፉ ላይ ተቀምጬ ነበር ስማር የከረምኩት። ጋሽ ደነቀ አይተውታል። በሐምሌ ዝናብ ስለነበር ነጠላዬን ደርቤ ትራሱን ከፈታኙ ደበቅሁት። በጳጉሜ ግን ፀሐይ ነበር፤ ያ ባለ መነጽር ሰውዬ ገና ከመቀመጤ አየው። በዚህ ዓይነት አልፈትንሽም፣ ትራሱን አውጪና ወንበሩን ሳቢው አለ። አይሆንም አልኩት። እንዴት አይሆንም አለ። ተሰልፎ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነበር። ጋሽ ደነቀ ከዳር ቆመው ያዩኛል፣ እኔ እሳቸውን አያለሁ። መስቀል አሥራ ምናምን ቀን ቀርቶታል። ወንበሩን ካልሳብኩ መኪናዋ ትሄዳለች፤ ከሳብኩት ደግሞ አንተ የተቀመጥክበት ልክ ይጠፋል። ሁለቱም አንተ ነህ።

ወረድኩ። ከጸጉሬ ላይ መርፌ ቁልፍ ነቅዬ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ወንበሩ የቆመበትን የብረት ሐዲድ ጫርኩት። ጠለቅ አድርጌ፣ እንዳይጠፋ። ፈታኙ ምን ታደርጊያለሽ ሲል ባለቤቴ እዚህ ነው የሚቀመጠው አልኩት። «ነው» ነው ያልኩት፤ ሰዋስው የማስተምር ሴት። ያን ጊዜ የገባው መሰለኝ፣ ከመኪናዋ ወርዶ ወደ ሌላ አቅጣጫ አየ። ከዚያ ሳብኩት። ዝጎ ስለነበር ጮኸ። በሐዲዱ ላይ ካሉት ጥርሶች አራቱን አልፎ ወደ ፊት መጣ።

ተቀመጥኩ፣ እግሬ ደረሰ። አደባባዩ ላይ እንደገና ዞረሽ ተመለሽ አለኝ። ውስጠኛውን ረድፍ ያዝኩ። ከቀኜ የገባ ብዙ ነበር፣ ታላቅም ታናሽም ይኖርበታል፣ አላየሁም። መውጫዬ ሲቀርብ ፍሬቻ አሳየሁ፣ ጎኔን አየሁ፣ ቀስ ብዬ ወጣሁ። አለፍኩ። በሁለት ፈተና ነው፤ እንዳንተው።

ጋሽ ደነቀ የፔዦዋን ሁለተኛ ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው መዳፌ ላይ አደረጉልኝ፣ ከዚያ ዞረው በተሳፋሪው በር ገቡ። እስከ ወልቂጤ እኔ ነዳሁ። የበሩን እጀታ አልያዙም፣ ተኙ።

ነገ ወደ ቸሃ እሄዳለሁ። እናትህ ዓይናቸው ብዙ ባያይም የፔዦዋን ድምፅ ከሩቅ ይለያሉ፤ ሲሰሙ አንተ የመጣህ እንዳይመስላቸው ከሩቅ ሦስት ጊዜ ክላክስ እንደማደርግ በሰው ልኬባቸዋለሁ። አንተ አንድ ጊዜ ነበር የምታደርገው። ለመስቀል ሁሉም ይገባል፣ አንተ አትገባም፤ ሥጋው ሲከተፍ፣ ሲመረቅ፣ ስምህ የሚጠራበት ቦታ ላይ ዝም ሲባል እዚያ እሆናለሁ። ዝም እንዲሉ ግን አልፈቅድም፤ የቄሱን ታሪክ አወራላቸዋለሁ፣ አባቴ ሲሰሙም ይስሙ። ተማሪዎቼ አድገው መኪና ሲይዙ እነግራቸዋለሁ፣ በዚህ ሜዳ ላይ አንድ ሰው እንዴት እየጮኸ ይዞር እንደነበር። ስምህን ሳልጠራ የማሳልፈው እሑድ አይኖርም።

ጠዋት ከመነሣቴ በፊት ጎንበስ ብዬ እጄን ወደ ወንበሩ ሥር እሰድዳለሁ። ጭረቱን በጣቴ አገኘዋለሁ። እግርህን ዘርግተህ የምትቀመጥበት ቦታ አራት ጥርስ ከኋላዬ ነው። ይቅር በለኝ፣ ፍሬኑ ላይ መድረስ ነበረብኝ።

ያንተዋ እልፍነሽ
ከወልቂጤ